የአዳማ ጓሮ፣ ከመስከረም እስከ ጾመ ነቢያት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የምኖረው አዳማ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከቤቴ ጀርባ 3 በ4 ሜትር የምትሆን ቦታ አለችኝ። አንድ ጎኗ የቆርቆሮ አጥር ነው። አምና ክረምቱ ሲወጣ አፈሩን ከምሬ መደቡን ከፍ አደረግኩት። አንድ ጆንያ የዶሮ ኩስ ጨመርኩበትና ቲማቲምና ጎመን ተከልኩ። ቲማቲሙ በቁመት በለጠኝ፤ አበባው ግን እየረገፈ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። ጎመኑን ደግሞ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ወረረው። ዘንድሮ ለሽሮው በሶብላ፣ ለባለቤቴ ቡና ጤና አዳም ልጨምር አስቤያለሁ። የልጅ ልጆቼም ውሃ ማጠጣት ይወዳሉ። በጾመ ነቢያት ከራሳችን ጓሮ ጎመን ቀጥፈን እንድንበላ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎም ጤና ይስጥልኝ። ነገሩን ከነዝርዝሩ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። የመልሱ ግማሽ እዚያው ደብዳቤዎ ውስጥ ነው። የቲማቲሙ አበባ መርገፍና የጎመኑ ክሽክሽ የተለያየ ምክንያት ያላቸው ይመስላል። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው ግን የኩሱ ብዛትና የመደቡ ከፍታ ነው።

ከኩሱ ልጀምር። የዶሮ ኩስ ከላም ወይም ከበግ ፍግ ይልቅ ናይትሮጅን ይበዛበታል። ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠል ያበዛል። ለ12 ካሬ ሜትር አንድ ጆንያ፣ ያውም በደንብ ያልበሰበሰ ከሆነ፣ ከልክ ያለፈ ነው። ቲማቲም ምግብ ሲተርፈው ጉልበቱን ሁሉ ግንድና ቅጠል ላይ ያውለዋል፤ ፍሬ መያዙን ችላ ይላል። ለዚህ ነው በቁመት የበለጠዎት። ጎመኑም እንዲሁ ለስላሳና ውሃ የሞላው ቅጠል ያወጣል። ክሽክሽ የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ አፉን ሰክቶ የሚመጠው ለጋውን ቅጠል ነውና።

ስለዚህ ዘንድሮ ኩስ አይጨምሩ። ከአምናው የተረፈ አሁንም አፈሩ ውስጥ ይኖራል። የበሰለ ኮምፖስት ካገኙ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ ይበቃል። ለሚቀጥለው ጊዜ ራስዎ ያዘጋጁ። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ደረቅ ቅጠልና ጭድ እያነባበሩ እርጥበቱን ከጠበቁለት በአዳማ ሙቀት 3 ወር ገደማ ይበቃዋል። የዶሮ ኩሱንም እዚያ ውስጥ ቢጨምሩት ይበስላል፤ ሥር ማቃጠሉንም ይተዋል።

አንድ ነገር ግን እባክዎ ይተዉ፤ የምድጃ አመድ። ብዙ ሰው ለጓሮው ደግ የሠራ እየመሰለው በየቀኑ ይደፋበታል። አሲዳማ በሆነው የደጋ አፈር ላይ አመድ ይጠቅማል። የስምጥ ሸለቆ አፈር ግን በብዙ ቦታ ወደ ተቃራኒው፣ ወደ አልካላይን ያደላል። አመድ ሲደጋገምበት ይብስበታል።

ወደ መደቡ ልምጣ። መደብ ከፍ የሚደረገው ውሃ ለሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው። በቾ ሜዳ ላይ ቢኖሩ እኔም ከፍ ያድርጉት እል ነበር። የአዳማ አፈር ግን በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋማ ነው። ውሃው ቶሎ ወደ ታች ይሾልካል። ከፍ ሲደረግ ደግሞ ፀሐይና ንፋስ ከላይም ከጎንም ያደርቁታል። አንዴ ደርቆ አንዴ የሚጠጣ ቲማቲም አበባ ያረግፋል። ፍሬ ቢይዝ እንኳ የፍሬው ግርጌ ይጠቁራል።

ዘንድሮ ተቃራኒውን ይሞክሩ። መደቡን ከመሬቱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ያድርጉት። የወጣውን አፈር ዙሪያውን ክትር ያድርጉበት። ስፋቱ 1 ሜትር ይሁን፤ ከሁለቱም ጎን እጅዎ መሃሉ ድረስ ይደርሳል፣ አፈሩንም አይረግጡትም። እርስዎ ቦታ ላይ 3 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት መደቦች መተላለፊያ ኖሯቸው ይገባሉ። ድምሩ 6 ካሬ ሜትር ነው። ትንሽ ከመሰለዎት ግድ የለም፤ በቀን አንዴ ዞረው እያንዳንዱን ቅጠል ማየት የሚችሉት ጓሮ ከሰፊው የተሻለ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚተክሉ ሰዎች የምመክረውም ይህንኑ ነው።

የውሃውን ሒሳብ እናድርገው። አዳማ ዝናቧን የምታገኘው በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጥቅምት ከገባ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው። ያደገ አትክልት የሞላበት አንድ ካሬ ሜትር በደረቅ ቀን 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይጨርሳል። ለ6 ካሬ ሜትር 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ተኩል ጄሪካን ነው። ችግኙ ትንሽ ሳለ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይስጡት። ሥር ከያዘ በኋላ ግን የሁለቱን ቀን ባንዴ፣ በየሁለት ቀኑ ጠገብ አድርገው ያጠጡት፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሰዓቱ ማለዳ ይሁን። ጎመንና ሰላጣ ያጠባችሁበት ውሃ ለመደቡ ግሩም ነው። ልብስ የታጠበበት ውሃ ግን አይሆንም፤ በሳሙናው ውስጥ ያለው ሶዲየም እያደር አፈሩን ያበላሻል።

ከውሃው ብዙ የሚያድንልዎት ጉዝጓዝ ነው። የጤፍ ጭድ በአዳማ ዙሪያ አይጠፋም። ችግኙ ከቆመ በኋላ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጭድ መደቡ ላይ ያልብሱ። ግንዱን እንዳይነካ ብቻ ትንሽ ራቅ ያድርጉት፤ አለዚያ ይበሰብሳል። ከቀትር በኋላ ባዶውን አፈር በጣትዎ ቢነኩት ደርቋል። ጭዱን ገልጠው ሲነኩ ግን እርጥብ ነው። የልጅ ልጆችዎን ይህን ያሳዩአቸው። መምህር ነዎትና ከዚህ የተሻለ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ የት ያገኛሉ?

ንፋሱን ለእርስዎ አልነግርም። ከከተማዋ ዳር አዳማ 1 እና አዳማ 2 የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አንዱ 51 ሌላው 153 ሜጋ ዋት ሆነው የተተከሉት ያለ ነገር አይደለም። ያው ንፋስም የቲማቲምዎን አበባ ሳያደርቀው አልቀረም። የቆርቆሮ አጥሩ ይከላከልልኛል ብለው ከሆነ፣ ድፍን አጥር ያን ያህል አይረዳም። ንፋሱ ዘሎት ከኋላው እየተሽከረከረ ይወርዳል። ቆርቆሮው ራሱም ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ተክሉ ይመልሳል። ንፋስን የሚያበርደው እያሳለፈ የሚያደክመው ነገር ነው። ከአጥሩ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ይራቁ። በዚያ ክፍተት ላይ ጠጅ ሳር ወይም የርግብ አተር በረድፍ ይትከሉ። ጠጅ ሳሩ ሻይ ውስጥ ይገባል፤ የርግብ አተሩ አፈሩን ያዳብራል።

አሁን ዋናው ጥያቄዎ፣ ጎመኑ። ነሐሴ እያለቀ ነው፤ ጊዜው ልክ ነው። የሐበሻ ጎመን ዘር በዚህ ሳምንት በሳጥን ወይም ጎኑ በተቆረጠ ጄሪካን ላይ ይዝሩ። ከታች መብሳትዎን አይርሱ። በ4 ሳምንት፣ ማለትም መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ወደ መደቡ ይዛወራል። በ40 ሴንቲሜትር ርቀት 10 እግር ቢተክሉ ለቤተሰብ ይበቃል። ከተተከለ 6 ሳምንት ገደማ ሲሆነው መቀጠፍ ይጀምራል። ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ እንግዲህ ድስቱ ላይ ነው። ሲቀጥፉ ከታች ይጀምሩ፤ ከላይ 5 ያህል ቅጠል ይተዉለት። እንደዚያ ከያዙት ለወራት ያበላዎታል። ቆስጣም ይጨምሩ። እሱን መስከረም አጋማሽ ላይ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘሩታል። አንዱ ፍሬ ውስጥ ከአንድ በላይ ዘር ስላለ ተጠጋግቶ ይበቅላል፤ ማሳሳት ያስፈልጋል። የሳሳውም ይበላል።

ካሮትም ቢሞክሩ ደስ ይለኛል። የአዳማ አፈር ላላ ያለ ስለሆነ ካሮት ቀጥ ብሎ ይወርድበታል። ችግኝ አፍልቶ ማዛወር ግን አይሆንም፤ ሥሩ ይጣመማል። ልጆች ካሮት ሲነቅሉ ያላቸውን ደስታ ያዩት እንደሆነ በየዓመቱ ይዘሩታል።

ቲማቲሙን 4 እግር ብቻ፣ አምና ጎመን በነበረበት በኩል ይትከሉ። ጎመኑ ደግሞ ወደ ቲማቲሙ ቦታ ይሂድ። ከአዳማ ብዙም በማይርቀው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ለአካባቢው አየር የሚስማሙ ዝርያዎች አሉ። መልካ ሾላ አንዱ ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የተተከለ ችግኝ ለገና ሰሞን መቅላት ይጀምራል። ቃሪያም አንድ ሁለት እግር ይጨምሩ፤ ያም ቢሆን የቲማቲም ዘመድ ስለሆነ አምና ቲማቲም በነበረበት ላይ አይተከልም።

ወደ ቅመሙ እንምጣ፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይኼኛው ነው። ቅመም ከኩሽናው በር አጠገብ ይሁን። ራቅ ካለ ይረሳል፤ ሽሮው ሲንተከተክ ማንም ጓሮ ድረስ አይሄድም። የበሶብላ ዘር ደቃቅ ነው። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ከላይ በተን ያድርጉትና በእጅዎ ጫን ጫን ያድርጉት። አይቅበሩት። እስኪበቅል ድረስ ላዩ እንዳይደርቅ በቀስታ ያርከፍክፉ። ቁመቱ 15 ሴንቲሜትር ሲሆን ጫፉን ይቅጠፉት፤ ቅርንጫፍ ያወጣል። ከተክሎቹ ግማሹን ለቅጠል እየቀጠፉ ግማሹን እንዲያብብ ይተዉት። አበባው ደርቆ ለሽሮና ለበርበሬ ይሆናል። እስኪደርቅ ድረስ ደግሞ ንቦች አይጠፉበትም።

ጤና አዳም ጠባዩ ሌላ ነው። ውሃ የሚበዛበት ቦታ ይሞትብዎታል። እዚህ ላይ ነው ከፍ ያለው መደብዎ የሚያስፈልገው! ፀሐይ የሚያገኝ ጉብ ያለ ቦታ ላይ ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቆርጠው ይትከሉት። ሥር እስኪይዝ ያጠጡት፤ ከዚያ ይተዉት። ስጋ መጥበሻና ኮሰረትም ከቅርንጫፍ ይበቅላሉ፤ ከጎኑ ቢያደርጓቸው ይስማሙታል። ናናን ግን በተሰበረ ባልዲ ውስጥ ለብቻው ያሳድጉት፤ ሥሩ እየተሳበ መደቡን ሁሉ ይወርሳል። ስለ ልጆቹ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ሊያቃጥልና ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። ሲቀጥፉ እርስዎ ይቅጠፉ፤ እጅዎንም ወዲያው ይታጠቡ።

ክሽክሹ ዘንድሮም ብቅ ማለቱ አይቀርም። ኩሱ ስለቀነሰ ግን እንደ አምናው አያይልም። በየጠዋቱ የቅጠሉን ጀርባ ይዩ። ጥቂት ከሆነ በጣት ጨፍልቆ ማጥፋት በቂ ነው። ከበዛ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው አመሻሽ ላይ ከቅጠሉ ሥር ይርጩ። ሲበሉት ያጥቡት። ትል ከመጣ ደግሞ ሰፈርዎ ውስጥ የኒም ዛፍ ያለው ሰው ይጠይቁ። አንድ ኪሎ ቅጠል ወቅጠው በ5 ሊትር ውሃ ያሳድሩ፣ አጥልለው ይርጩ። ለእርሻ ማሳ የሚሸጠውን ኬሚካል ወደ ጓሮ እንዲያስገቡ አልፈልግም። ዛሬ ረጭተው ነገ የሚቀጥፉት ጎመን ላይ ቦታ የለውም። ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ትንሿን ቀይ ጥንዚዛም ይገድልብዎታል። እሷም ልጆቿም ክሽክሽ ነው የሚበሉት። የልጅ ልጆችዎ እሷን እየፈለጉ ይቁጠሩ፤ በበዛች ቁጥር የእርስዎ ሥራ ይቀንሳል።

«ጓሮ ከአስቤዛው ስንት ብር ያድናል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። 6 ካሬ ሜትር የቤት ወጪ አይሸፍንም፤ አልዋሽዎትም። ግን ከግንዱ ተቆርጦ ሳይጠወልግ ድስት የገባ ጎመን ጣዕሙ ከገበያው ጋር አይገናኝም። ቃሪያውም ሲቆረስ ድምፅ አለው። ጠዋት ቡና እስኪፈላ መደቡን ዞሮ ማየት፣ ዱባው ባልተዘራበት ለምን በቀለ ብሎ መገረም፣ ለጎረቤት አንድ እቅፍ ቆስጣ መላክ፣ እነዚህ ናቸው ሰውን በየዓመቱ ወደ አፈሩ የሚመልሱት። በጡረታ ጊዜ ደግሞ ለወገብም ለመንፈስም መልካም ነው፤ ብቻ ጄሪካኑን ግማሽ ግማሽ አድርገው ይሸከሙ።

የጎመኑ ችግኝ ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ቲማቲሙ አበባ ሲጀምር የድጋፍ እንጨት አተካከሉንና ጎን ቅርንጫፉን መቀነሱን አብረን እናየዋለን።