የተዘረረ ቦክሰኛ ድጋሚ ቢገጥም ውጤቱ ይለወጣል?

የአንባቢያንን የቦክስ ጥያቄ የሚመልሱት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወጣቶችን ሲያሠለጥኑ የኖሩት የአምዳችን አሰልጣኝ ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ታናሽ ወንድሜ ቦክሰኛ ነው። በእኛ አካባቢ የሚችለው የለም ይባል ነበር። ሰሞኑን ግን ከቡሬ የመጣ፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው ልጅ በሁለተኛው ዙር በዝረራ ጣለው። ልጁ እህል መጋዘን ጆንያ የሚያወርድ ነው አሉ። ቤተሰቡ በሙሉ «የዕድል ቡጢ ናት፣ ድጋሚ ይግጠም» ይላል። ወንድሜማ በሚቀጥለው ሳምንት ካልገጠምኩ ብሎ እህል አልቀምስ ብሏል። ጓደኞቼ ደግሞ «ማይክ ታይሰን እንኳ በቡስተር ዳግላስ ተዘርሮ የለ? ድጋሚ ቢያገኘው ይበላው ነበር» እያሉ ያሟሙቁታል። እርስዎ ምን ይላሉ? ቪዲዮውን ልኬልዎታለሁ። (ታላቅ ወንድም)

መልስ፦ ቪዲዮው ደርሶኛል። የቀረጸው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹም የሰው ጀርባ ነው። የምፈልገው ግን አለበት። እያቆምኩ አየሁት።

የወንድምህ ጃብ (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚወረወረው ቡጢ) ጥሩ ነው። ፈጣን ነው፣ ከትከሻ ነው የሚወጣው። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ግራ እጁ በቀጥታ ወደ አገጩ አይመለስም፤ መጀመሪያ ወደ ቀበቶው ይወርዳል። የመጀመሪያው ዙር ሊያልቅ ሲል የቡሬውን ልጅ ተመልከተው። ቀኙን ሊልክ ይልና ይተወዋል። እየለካ ነው። በሁለተኛው ዙር ወንድምህ ጃብ ወረወረ፣ እጁ ወረደ፣ የልጁ ቀኝ በላዩ ገባ። መጀመሪያ የከዳው ጉልበቱ ነው። ይሄ የዕድል ቡጢ አይደለም። ታይቶ፣ ተጠብቆ የመጣ ነው።

ደግሞ «ጆንያ አውራጅ» እያላችሁ አትናቁት። ቀኑን ሙሉ ኩንታል ተሸክሞ የሚመላለስ ልጅ እግርና ወገብ አለው። የቡጢ ጉልበት የሚመጣው ከእጅ ሳይሆን ከዚያ ነው።

የወረደ ግራ እጅ በኋላ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነውን ጆ ሉዊስን የሚያህል ሰው አስጥሏል። ሉዊስ በ1936 በፕሮፌሽናል ቦክስ ተሸንፎ አያውቅም ነበር። ማክስ ሽሜሊንግ የሚባለው ጀርመናዊ ግን ሉዊስ ሌላ ሰው ሲገጥም ቁጭ ብሎ አየውና ጃብ ወርውሮ ግራውን እንደሚያወርድ ያዘበት። ኒውዮርክ ላይ ሲገናኙ ቀኙን በዚያች ቀዳዳ እያስገባ በ12ኛው ዙር ዘረረው። ሰኔ 1938 እዚያው ያንኪ ስታዲየም ድጋሚ ተገናኙ። በ124 ሰከንድ አለቀ። የወደቀው ሽሜሊንግ ነው። በመሃል ሁለት ዓመት እንዳለ ግን ልብ በል። ወንድምህ የጠየቀው አንድ ሳምንት ነው።

ሁሉም ድጋሚ ግጥሚያ ግን እንደ ሉዊስ አይሆንም። እኔ ድጋሚ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን ወደቀ? በሚታረም ስህተት ወይስ በማይታረም ልዩነት?» ብዬ ነው። ፍሎይድ ፓተርሰን ሁለቱንም መልስ በራሱ ላይ አሳይቶናል። በ1959 ኢንገማር ዮሃንሰን የሚባል ስዊድናዊ በሦስተኛው ዙር ሰባት ጊዜ ጣለው። ሰባት! እኔ ዳኛ ብሆን ቀደም ብዬ አስቆመው ነበር። የጉዱ ሁሉ መነሻ የዮሃንሰን ቀኝ እጅ ናት። ፓተርሰን በዓመቱ ሲመለስ ለዚያች ቀኝ ተዘጋጅቶ መጣና በአምስተኛው ዙር በግራ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን በሚመጣ ቡጢ) አጋደመው። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነትን አጥቶ መልሶ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ይኸው ፓተርሰን በ1962 ከሶኒ ሊስተን ጋር ገባ። በመጀመሪያው ዙር በ2 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ተዘረረ። በ1963 ድጋሚ ገባ። አሁንም የመጀመሪያው ዙር፣ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። ትርፉ አራት ሰከንድ ብቻ! ሊስተን በ1962 በ11 ኪሎ ገደማ ይከብደው ነበር፣ ክንዱም ይረዝማል። ይህን የሚያስተካክል ልምምድ የለም። እጅን ወደ አገጭ መመለስ ግን ይለመዳል።

አሁን ወደ ጓደኞችህ። የካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ ታይሰን 37 ጊዜ ገጥሞ 37ቱንም ያሸነፈ ሰው ነበር፤ 33ቱን በዝረራ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ለቡስተር ዳግላስ ዋጋ የሰጠው አንድ የውርርድ ቤት 42 ለ1 ነው ያስቀመጠው፤ ዳግላስ ካሸነፈ ለአንዱ 42 ይከፍላል ማለት ነው። ታይሰን በልምምድ ላይ በስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ጓደኛው በግሬግ ፔጅ ወድቆ ነበር፤ የሰማው ግን ያን ያህል አልተጨነቀም። የታይሰን ረዳቶች ያበጠ ዓይን የሚጫኑበትን ቀዝቃዛ ብረት እንኳ ይዘው አልመጡም። የላስቲክ ጓንት ውሃ ሞልተው ነው ዓይኑ ላይ የያዙለት። ለዓለም ሻምፒዮን! እኔ እዚህ ለአንድ የወረዳ ውድድር የምይዘው ዕቃ ከዚያ ይሻላል።

ዳግላስ በበኩሉ እናቱ ከሞተች ገና ወር አልሞላም ነበር። 105 ኪሎ ሆኖ ቀረበ። ረጅም ጃቡን ግጥሚያውን ሙሉ ታይሰን ፊት ላይ ተከለው። በስምንተኛው ዙር ራሱ ወድቆ ተነሳ፣ በአሥረኛው ታይሰንን ጣለው። በስምንተኛው ዙር ለወደቀው ዳግላስ የዳኛው ቆጠራ ረዝሟል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ፤ እሱን ለቡና ቤት ተዉት። ድጋሚ ግጥሚያ አልተደረገም። ዳግላስ በዚያው ዓመት ጥቅምት ከሆሊፊልድ ጋር የገባው ወደ 112 ኪሎ ከብዶ ነው፤ በሦስተኛው ዙር ተዘረረ። እንግዲህ ጓደኞችህ «ድጋሚ ቢገናኙ» ሲሉ የትኛውን ዳግላስ ነው? የጥቅምቱን ከሆነ ታይሰን ይበላው ነበር። የቶኪዮውን ከሆነ ግን ያ ጃብ እንደገና ፊቱ ላይ ነው። እኔ ቶኪዮን ደግማችሁ አጫውቱ ብትሉኝ ገንዘቤን ዳግላስ ላይ ነው የማስቀምጠው።

ስለ ወንድምህ ቁርጡን ልንገርህ። በሚቀጥለው ሳምንት አይገጥምም፤ አለቀ። በዝረራ የወደቀ አማተር ቢያንስ 30 ቀን ግጥሚያም ስፓሪንግም አይገባም፤ ራሱን ስቶ ከነበረ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ራስ ምታት ወይም ማስመለስ ካለበት ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ሐኪም ሲፈቅድለት በባዶ እጁ መስታወት ፊት ይቁም። ጃብ ወርውሮ እጁ ጉንጩን ሳይነካ ሌላ አይወርውር። ከዚያ በፓድ (አሰልጣኙ እጁ ላይ አጥልቆ ቡጢ የሚቀበልበት ትራስ) ሲሠራ፣ ግራው በወረደች ቁጥር አሰልጣኙ በፓዱ ጆሮ ግንዱን ቸብ ያድርገው። ያናድዳል፣ ግን ይሠራል። ሌላ የማይጠላ ቦክሰኛ ገጥሞ እጁ እንዳልወረደ በቪዲዮ ሳታይ ከቡሬው ልጅ ጋር አታገናኘው። እጁ ከተስተካከለ ውጤቱ ይለወጣል ባይ ነኝ፤ ጃቡ ከልጁ ይሻላል። ካልተስተካከለ የቡሬው ልጅ መንገዱን ያውቀዋል፣ እንዲያውም ይፈጥናል። እህልም ብላ በለው፤ በባዶ ሆድ ቦክስ የለም።

ጥያቄ፦ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ሌኖክስ ሌዊስ በ2001 ደቡብ አፍሪካ ላይ በሃሲም ራህማን ሲዘረር «ከፍታው ነው» ተብሎ ነበር። እኛ ደጋ ተወልደን ደጋ ያረጀን ሰዎች ይህን ሰበብ እንቀበል? (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መምህር፣ አሳቁኝ። ግጥሚያው የነበረበት ብራክፓን 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር እንኳ 1,800 ነው፤ እርስዎና እኔ ያለንበት ደግሞ 2,400ን ያልፋል። በእኛ ሚዛን ሌዊስ ቆላ ወርዶ ነው የተዘረረው።

ሰበቡ ግማሽ እውነት ነው። ለቆላ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ከዓባይ በረሃ ወደኛ የሚመጡ ልጆች መጀመሪያ ሰሞን ሁለተኛው ዙር ላይ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። መድኃኒቱ ቀድሞ መምጣት ነው፤ ራህማን ያደረገው ይህንኑ ነው። ሌዊስ ግን ላስ ቬጋስ ፊልም ሲሠራ ቆይቶ ዘግይቶ ደረሰ፤ 115 ኪሎ ሆኖ ነበር። በአምስተኛው ዙር ገመዱ ጋ ሆኖ ፈገግ ሲል ቀኝ ቡጢ አገጩ ላይ አረፈች። ኅዳር ላይ በላስ ቬጋስ ድጋሚ ሲገናኙ ሦስት ኪሎ ቀንሶ መጣና ራህማንን በአራተኛው ዙር ዘረረው። ከፍታው በራሱ አልጣለውም፤ ከፍታውን መናቁ ነው የጣለው።

ጥያቄ፦ አንቶኒ ጆሹዋ አንዲ ሩዊዝን በድጋሚው ያሸነፈው እየፈራ፣ እየሸሸ ነው ይላሉ። ልክ ነው? (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ቢፈራስ? ሰኔ 2019 ኒውዮርክ ላይ ሳይፈራ ገብቶ አይተነዋል። በሦስተኛው ዙር ሩዊዝን ጣለና ልጨርሰው ብሎ ተጠጋ፤ እዚያው ተያዘ። ጆሹዋ አራት ጊዜ ወደቀ፣ በሰባተኛው ዙር ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመው። ታኅሣሥ ላይ ሳዑዲ ሲመጣ ከአራት ኪሎ በላይ ቀንሶ ነበር፤ ሩዊዝ ደግሞ ወደ ሰባት ኪሎ ጨምሯል። ጆሹዋ 12ቱን ዙር ጃብ ወርውሮ ገለል፣ ጃብ ወርውሮ ገለል አለ። ሁለት ዳኞች 118 ለ110፣ አንዱ 119 ለ109 ሰጡት፤ በሰኔ ያጣቸው የሻምፒዮንነት ቀበቶዎቹም ተመለሱለት። አሰልቺ ነበር ካልከኝ አልከራከርህም። እኔም ስምንተኛው ዙር ላይ ተነስቼ ቡና አፍሉልኝ ብያለሁ።