ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተር መማር ለምትፈልጉ እህቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ለተፈናቀሉ፣ ከዓረብ አገር ለተመለሱና ትዳራቸው ለፈረሰ ሴቶች መሠረታዊ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ እነሆ መልሱ።

ከ8ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ከቤይሩት ስመለስ 34 ዓመት ሞላኝ። አሁን ይገባኛል? (ከደብረ ሲና)

ይገባሻል እህቴ። እዚያ ሆነሽ በኢሞ ከቤተሰብ ጋር ስታወሪ ስልኩን ማን አስተማረሽ? የመጀመሪያ ሰሞን የሚያስቸግረው ማውስ ነው፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቀስቷ ትጠፋለች። ብዙዎቹ የሚያበላሹት እየመሰላቸው ቁልፉን ፈራ ተባ እያሉ ነው የሚነኩት። እኔ "ኮምፒውተር ማለት" ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ ስሟን፣ ቀጥሎ ለቀበሌ የምታስገባውን ማመልከቻ ራሷ ትጽፋለች። ለጸሐፊ ትከፍልበት የነበረውን ወረቀት በእጇ ጽፋ ፕሪንት ያደረገች ሴት በማግስቱ ከእኔ ቀድማ በር ላይ ትገኛለች።

አማርኛ በእንግሊዝኛ ቁልፍ እንዴት ይጻፋል?

ኪማን (Keyman) የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በነፃ ጫኚ። በድምፅ ነው የሚጻፈው፦ ኤስና ኢ (se) ሰ ይሆናል፣ ኤልና ኤ (la) ላ፣ ኤም (m) ብቻውን ም። ሰላም ወጣ። ኤፍና ጄ ላይ ደግሞ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ጉብታ አለች፣ ሁለቱ ጠቋሚ ጣቶችሽ እዚያ ይረፉ። መብራት ድንገት ስለሚሄድ የጻፍሽው እንዳይጠፋ በየአንቀጹ ኮንትሮልና ኤስ (Ctrl+S) አብረሽ መምታት አትርሺ።

መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ሥልጠና ልንጀምር ነው። 5 ኮምፒውተር አለን። ምን ትመክሪናለሽ?

10 ሴት ትበቃችኋለች፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ። ፈጣኗን ከዘገምተኛዋ ጋር አታጣምሩ፤ ፈጣኗ ማውሱን ትይዛለች፣ ሌላዋ ተመልካች ሆና ትቀራለች። ከኮምፒውተሩ በፊት ግን ልጆቹን አስቡ። እኔ ዘንድ ትምህርቱ ከብዷት የቀረች አላየሁም። የሚያስቀራቸው ልጅ የሚይዝ ማጣት፣ እንጀራ መጋገር፣ ውኃ መጠበቅ ነው። ጠዋት ብርዱም ስለማያስወጣ ከቀኑ 8 ሰዓት አደረግነው፤ ጥግ ላይ ሰሌን አንጥፈን ልጆቹን የምትጠብቅ አንዲት እናት በተራ መደብን፣ ያን ጊዜ ነው ክፍሉ የሞላው።

የቀድሞ ባሌ ቴሌግራሜን ያነባል መሰለኝ።

ሴቲንግ ገብተሽ ዲቫይስ የሚለውን ክፈቺ። የማታውቂው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጪው፣ ከዚያ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አድርጊበት። እሱ የማይገምተው ይሁን፣ የልጅሽን ስም አታድርጊው። ግን ሲባረር ያውቃል። የሚዝትብሽ ከሆነ መጀመሪያ ለምታምኛት ሰው ንገሪ፣ የምታድሪበትን አስተካክዪ፣ ከዚያ አስወጪው። ኢንተርኔት ቤት ስትጠቀሚ ሎግ አውት ሳትዪ አትነሺ።

ሰርተፊኬቱ ሥራ ያስገኛል?

ብቻውን አያስገኝም። የአጭር ሥልጠና ወረቀትና የሲኦሲ ብቃት ማረጋገጫ አንድ አይደሉም፣ ቅጥር የምትፈልጊ ከሆነ ለሲኦሲው ተዘጋጂ። ፎቶ ኮፒ ቤት ለመግባት ግን ባለቤቱ ፊት አንድ ገጽ ሳትሳሳቺ ጻፊለት።

"ቤትሽ ሆነሽ የምትጽፊው ሥራ አለ፣ መመዝገቢያ 500 ብር ክፈዪ" አሉኝ።

አትክፈዪ። ሥራ የሚሰጥ ሰው ይከፍልሻል እንጂ አያስከፍልሽም። መታወቂያሽን ልከሽላቸው ከሆነ ዛሬውኑ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።