ቆርቆሮው ከየት ይመጣ ነበር?

ወንድማችን «ነሐስ ከመዳብ ትንሽ ቢጠነክር ነው፤ ይሄ እንዴት የጥንቱን ኅብረተሰብ ለወጠ ይባላል?» ብሎ ጠይቋል። የታሪክ ተመራማሪ አይደለሁም። ግን መስቀልና ጌጥ በሚያቀልጥ አነስተኛ ወርክሾፕ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ እዚያ የገባኝን ልንገርህ።

መጀመሪያ ንጹሕ መዳብ ብቻ ስናቀልጥ አሳሩን አየን። መዳብ የሚቀልጠው 1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። በስንት መከራ ቀልጦ ስናፈሰው ደግሞ የሐረጉ ጥጋጥግ ውስጥ አልገባ አለ። ሲበርድ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። አለቃችን ስቆብን፣ አሥር እጅ መዳብ ላይ አንድ እጅ ቆርቆሮ ጨመረበት። (የጣሪያውን አይደለም፤ ብርማ መልክ ያለውን ለስላሳ ማዕድን ነው የምልህ።) ቶሎ ቀለጠ፤ ያለ ችግር ፈሰሰ፤ ሲበርድም ጠነከረ። ነሐስ ማለት ይኸው ድብልቅ ነው።

ለጥንቱ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የድንጋይ መጥረቢያ ከተሰበረ ተሰበረ። ነሐስ ግን እንደገና ይቀልጣል። ረጅም ሰይፍም በመዳብ ቢሠራ ይጎብጣል፤ በነሐስ ነው የተቻለው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቆርቆሮው ነው። መዳብ ብዙ ቦታ አለ፤ ቆርቆሮ ብርቅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1900 አካባቢ የአሹር (ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት) ነጋዴዎች ከምሥራቅ የመጣላቸውን ቆርቆሮ በአህያ ጭነው፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ወዳለችው ካነሽ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዙ ነበር። ፍርስራሿ ውስጥ ከ20,000 በላይ የሸክላ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ብድር፣ ወለድ፣ ሽርክና፣ ቀረጥ፣ ኮንትሮባንድ ሳይቀር ሁሉም አለ። አሹር የቀሩ ሚስቶች ሸምነው የላኩት ጨርቅ ዋጋ አልደረሰንም ብለው ባሎቻቸውን ይወቅሳሉ። ያኔም ያው ነው!

እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ኡሉቡሩን በተባለ የቱርክ ዳርቻ አንድ ስፖንጅ ለቃሚ ጠላቂ የሰመጠ መርከብ አገኘ። መርከቡ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1300 አካባቢ የሰመጠ ነው። 10 ቶን መዳብና 1 ቶን ገደማ ቆርቆሮ ጭኖ ነበር። አሥር ለአንድ፣ ልክ እንደ አለቃችን ልኬት።

እንግዲህ መንገዱን የያዘ ሰይፉን ያዘ። ነሐሱ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ተራው ገበሬ ብዙ ቦታ በእንጨትና በድንጋይ መሣሪያው ቀጠለ። ብረት እስኪስፋፋ ድረስ ማለት ነው።

እኛም አንድ ጊዜ ቆርቆሮ ከገበያ ጠፍቶብን፣ መዳባችንን ታቅፈን ሁለት ወር ተቀምጠናል።