«የልጄን ስም ወሰዱብኝ»

ጥያቄ፦

መምህር፥ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። 5 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወንድ ልጅ አለኝ። ስሙ ናታን ነው። ነፍሰ ጡር ሳለሁ ለወራት ስም ስፈልግ ቆየሁ። በዙሪያዬ ማንም ያልተጠራበት እንዲሆን ነበር ምኞቴ። ጸልዬ መጽሐፈ ሳሙኤልን ሳነብ አገኘሁት። ያኔ ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ስም ነው?» ይለኝ ነበር። በዓመቱ የባለቤቴ እኅት ወለደችና ሳታማክረኝ ልጇን ናታን አለችው። አሁን ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት በልጄ ክፍል ብቻ አራት ናታን አለ። ሰው «አንቺም የዘመኑን ስም አወጣሽለት» ይለኛል። በጣም ከፋኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ለእኔ የተሰጠኝ ስም እንዲህ የማንም ሲሆን ምልክቱ የጠፋ መሰለኝ። ከባለቤቴ እኅት ጋር ከሰላምታ ያለፈ ንግግር የለንም። ልጇንም እስከ ዛሬ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ «ማሙሽ» ነው የምለው። የልጄን ስም ብቀይረው ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦

እኅቴ፥ ጥያቄሽን ቀላል ነው ብዬ አልናቅሁትም። ለልጅ ስም ማውጣት ትልቅ ነገር ነው። እናት ለወራት በልቧ ይዛው የቆየችውን ስም ሰው ሁሉ ሲያነሣው ቅር ቢላት አይገርመኝም። እንዲህ ብላ የመጣችም አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ስሙ ይለያያል እንጂ ቅሬታው አንድ ነው። እያለቀሰች የነገረችኝ እናት አለች።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ባልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አባባሉ የአበው ነው፤ ጥሩ አባባል ነው። ሰው ስሙን መስሎ ሲያድግ እያዩ የተናገሩት ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ግን አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ አባባሉ ሳይሆን እኛ የምንቀጥልበት ነገር ነው። «መልአክ አወጣው» ብለን እንጀምርና «ስለዚህ የእኔ ብቻ ነው» ብለን እንጨርሳለን። ሁለተኛውን ማን ነገረን?

እስኪ መልአክ በእርግጥ ስም ይዞ የመጣበትን ቦታ እንክፈት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቅዱስ ገብርኤል ሁለት ጊዜ ስም ተናግሯል። መጀመሪያ ለዘካርያስ ልጁን ዮሐንስ እንዲለው ነገረው። ልጁ ተወለደ። በስምንተኛው ቀን ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊለው አሰበ። እናቱ ኤልሳቤጥ እንቢ አለች። ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የሚጠራ የለም እኮ አሏት። አንቺን «ምን ዓይነት ስም ነው?» እንዳሉሽ ማለት ነው። ዘካርያስ አንደበቱ ተይዞ ስለነበር መጻፊያ ለመነና «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ።

በዚያ ቤት ስሙ አዲስ ነበር። በዓለም ግን አዲስ አልነበረም። ከዚያ ከ500 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 40 የቃሬያ ልጅ ዮሐናን የሚባል የጦር አለቃ እናገኛለን። ያው ስም ነው። በሐዲስ ኪዳን ደግሞ የዘብዴዎስ ልጅ ዮሐንስ አለ። ወንጌል የጻፈው ማርቆስም ሌላው ስሙ ዮሐንስ ነበር። ታዲያ የመጥምቁ ክብር በዚህ ጎደለ? ጌታችን ከሴቶች ከተወለዱት ከእርሱ የሚበልጥ አልተነሣም ብሎ ሲመሰክርለት በስሙ ልዩነት አልነበረም።

ሁለተኛው ይበልጣል። ያው መልአክ ወደ እመቤታችን ገብቶ «ስሙንም ኢየሱስ ትዪዋለሽ» አላት። እኅቴ፥ ይህ ስም በዚያን ዘመን ብዙ ሰው የሚጠራበት እንደነበረ ታውቂ ይሆን? ኢየሱስና ኢያሱ በዕብራይስጥ አንድ ስም ናቸው። ሕዝቡን ወደ ምድረ ርስት ያስገባው የነዌ ልጅ ኢያሱ አለ። በትንቢተ ሐጌ ታላቁ ካህን ኢያሱ አለ። መጽሐፈ ሲራክን የጻፈው ሰው ስሙ ኢያሱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ከአብረውት ሠራተኞቹ አንዱን ኢዮስጦስ የተባለ ኢያሱ ይለዋል። ለዚህም ነው ሰዎች ጌታን «የናዝሬቱ ኢየሱስ» እያሉ የሚጠሩት። ስሙ ብቻውን ከሌላው አይለየውም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ እንድታስቢ እለምንሻለሁ። እግዚአብሔር ለአንድያ ልጁ ማንም ያልተጠራበትን ስም መስጠት ይችል ነበር። አላደረገውም። ሰው ሁሉ የሚጠራበትን ስም ወሰደ። ለምን ይህ ስም እንደ ተመረጠ ማቴዎስ ጽፎልናል፤ «እርሱ ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ያድናቸዋልና»። ምክንያቱ ይኸው ነው። ከስም ሁሉ በላይ የሆነ ስም ያደረገውም በስሙ የተጠራው ጌታ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የልጅሽን የክርስትና ስም ታውቂዋለሽ፤ ስለ እርሱ ማስተማር አያስፈልገኝም። በዚያ ስም የሚጠራ ስንት ሰው አለ? ገብረ ሥላሴ ስንት ነው? ወልደ ማርያም ስንት ነው? በቅዳሴ ካህኑ የክርስትና ስም እየጠራ ሲጸልይ «የእኔ ገብረ ሚካኤል ከሌላው ጋር ይቀላቀልብኝ ይሆን?» ብላ የሰጋች እናት አላየሁም። አንቺም በክርስትና ስሙ ተከፍተሽ አልጻፍሽልኝም። እግዚአብሔር ልጅሽን ከብዙዎቹ መካከል እንደሚያውቀው በዚያ ስም ታምኛለሽ። ስለ ናታን ሲሆን ለምን አቃተሽ? ልቤ የሚለኝን ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ። የክርስትና ስሙን ለእግዚአብሔር ሰጥተሽዋል። ናታንን ግን ለራስሽ አስቀርተሻል።

ሐዲስ ኪዳንን ስታነቢ ማርያሞች ይበዙብሻል። በመስቀሉ ሥር ብቻ እንኳ እናቱ ማርያም፥ የቀለዮጳ ሚስት ማርያም፥ መግደላዊት ማርያም ቆመዋል። ከትንሣኤው በኋላ መግደላዊት በመቃብሩ አጠገብ ታለቅስ ነበር። ጌታ ከኋላዋ ቆሟል፤ አትክልት ጠባቂው መስሏታል። ለምን ታለቅሻለሽ ብሎ ሲጠይቃት እንኳ አላወቀችውም። ከዚያ አንዲት ቃል አወጣ። «ማርያም» አላት። ዘወር አለች፤ አወቀችው። በዚያን ጊዜ በየቤቱ ይጠራ የነበረ ስም ነው። እርሷ ግን የጠራትን ድምፅ አወቀች። ስም የሚለየን እንዲህ ነው፤ በሚጠራን ፍቅር።

ይህን በሕፃናት ክፍልም አይቼዋለሁ። አንድ እሑድ አንድ ስም ስጠራ ሦስት ልጆች እኩል «አቤት!» አሉ። እኔ ተደናግሬ ዝም አልኩ። ከሦስቱ ትንሹ ዘሎ ተነሣና «መምህር፥ እኛ ሦስት ነን!» አለኝ። ፊቱ ያበራ ነበር። ሀብታም የሆነ ያህል ተሰምቶታል። ትምህርቱ አልቆ እናቱ ከበር ላይ ያንኑ ስም ስትጠራ ግን እርሱ ብቻ ሮጠ። ሁለቱ ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

አሁን ወደ ናታን ልመለስ። ስሙን ያገኘሽው መጽሐፈ ሳሙኤልን ስታነቢ ነው ብለሻል። እንግዲያስ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን በወሰደ ጊዜ ነቢዩ ናታን የነገረውን የበጓን ምሳሌ ታስታውሻለሽ። ድሃው አንዲት በግ ብቻ ነበረችው። ባለጠጋው ወስዶ አረደበት። ደብዳቤሽን ሳነብ እንደዚያ ድሃ የተሰማሽ መሰለኝ። ግን ተመልከቺ፤ በጓ ስትወሰድ ድሃው ባዶ እጁን ቀረ። ከአንቺ ምን ጎደለ? ማታ ናታን ብለሽ ስትጠሪ የሚመጣልሽ ልጅሽ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ሳያስተውል ያልፈዋል። 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 3 ዳዊት ከቤርሳቤህ የወለዳቸውን ልጆች ሲቆጥር ሰሎሞንን ይጠራል፤ ከእርሱም ጋር ናታን የሚባል ወንድሙን ይጠራል። ያ ሁሉ በሆነበት ቤት፥ «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎ ዳዊትን የገሠጸው ነቢይ ስም ያለው ልጅ አደገ። ለምን እንዲህ እንደ ተሰየመ አልተጻፈልንም። ግን በአንድ ቤተ መንግሥት ሁለት ናታን ነበሩ፤ አንዱ ነቢይ፥ አንዱ የንጉሥ ልጅ። ሉቃስ የጌታን ትውልድ ሲቆጥርም የሚያልፈው በዚህ በሁለተኛው ናታን በኩል ነው። ስሙ ቀድሞ የሌላ ሰው ስለ ነበረ በረከቱ አልቀረበትም።

የስሙ ትርጉምስ? ናታን በዕብራይስጥ «ሰጠ» ማለት ነው። እግዚአብሔር ሰጠ። ሰጠ የሚለውን ስም ጨብጦ አልሰጥም ማለት ይከብዳል፥ እኅቴ።

አሁን ጠንከር ብዬ የምነግርሽ ነገር አለ። ከስሙ ይልቅ ያሳዘነኝ «ማሙሽ» ያልሽው ነው። ያ ልጅ ምን አደረገሽ? ስሙን አልመረጠም። አክስቱ በስሙ እንደማትጠራው ዛሬ ባያስተውል ነገ ያስተውላል። ልጆች እንዲህ ያለው ነገር አያመልጣቸውም። የባለቤትሽ እኅት ደግሞ ስሙን ልትነጥቅሽ ያወጣችው ይመስልሻል። ልጅሽን አቅፋ ናታን፥ ናታን ስትለው ስሙን ወድዳው ቢሆንስ? ብታማክርሽ ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ስላላማከረችሽ አራት ዓመት ማኩረፍ፥ ከዚያም መጥቶ ስለ ምልክትና ስለ በረከት መጠየቅ አይሄድም። መባሽን በመሠዊያው ፊት ትተሽ መጀመሪያ ታረቂ የሚለው ቃል ለአንቺም ነው።

«የዘመኑን ስም አወጣሽለት» የሚሉሽንም ተያቸው። እኔ ነኝ የቀደምሁት ብለሽ ለማስረዳት አትድከሚ። የባቢሎንን ግንብ ሠሪዎች ያደከማቸው «ስማችንን እናስጠራው» የሚለው ነው። ለአብርሃም ግን «ስምህንም አከብረዋለሁ» ያለው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ሌሎቹ ሦስት እናቶችም እንዳንቺው ጸልየው ያወጡት ሊሆን ይችላል። አንቺ ያነበብሽውን መጽሐፍ እነርሱም ያነብባሉ።

ስሙን ብቀይረው ላልሽው፤ ስም መቀየር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ያዕቆብ እስራኤል ተብሏል፤ ስምዖን ጴጥሮስ ተብሏል። ራሔል ልትሞት ስትል ቤንኦኒ፥ የኀዘኔ ልጅ፥ ያለችውን ሕፃን አባቱ ብንያም ብሎታል። እነዚያ ግን ለጥሪ ወይም ለበጎ የተደረጉ ናቸው። አንቺ የምትቀይሪው ሌሎች ስለወደዱት ነው። ከጌታ ሐዋርያት አንዱ ይሁዳ ይባል ነበር፤ ዮሐንስ በወንጌሉ «የአስቆሮቱ ያልሆነ» ብሎ ሊለየው ግድ ሆኖበታል። ስም መጋራት የሚከብደው እንዲህ ላለው ሰው ነበር። 5 ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ ስሙን አውቆታል። ተጠርቶበት ሮጧል፤ ተቆጥተሽውበታል፤ አባብለሽውበታል። አትቀይሪበት። በፊቱም ስምህን ወሰዱብህ እያልሽ አታውሪ።

በዚህ ሳምንት ለባለቤትሽ እኅት ደውዪላት። ስለ ስሙ ምንም አታንሺ፤ ይቅርታው በጊዜው ይመጣል። ሰላም በያትና ስለ ልጇ ጠይቂያት። «ናታንስ ደኅና ነው?» በያት።