ሽንኩርት ረጭቼ ስገባ ራሴን ያዞረኛል፣ አረቄ ይሻላል ወይስ ወተት?

ከደምቢያ፣ ከቆላ ድባ በኩል አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «መገጭ ዳር በመስኖ ሽንኩርት አለማለሁ። ትሪፕስ የሚባለው ተባይ ስላስቸገረኝ በየ5 ቀኑ እረጫለሁ። ረጭቼ ስገባ ራሴን ያዞረኛል፣ ዓይኔን ይጋርደኛል፣ ምራቄ ይበዛል፣ ሆዴንም ይቆርጠኛል። ወባ መስሎኝ መድኃኒት ወሰድኩ፣ ያው ነው። ጓደኞቼ ሳትረጭ በፊት አረቄ ቅመስ ይሉኛል፣ እናቴ ወተት ትላለች፣ እኔ ደግሞ ጫት ይዤ ነው የምረጨው፣ ያበረታኛል። ሌላው፣ ሽምብራዬን ነቀዝ ጀምሮታል፣ የነቀዝ ክኒኑን ገዝቼ ጆንያው ውስጥ ልከት ነው፣ የምንተኛው እዛው ቤት ነው፣ ችግር አለው ወይ?»

ወንድምዓለም፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ እሱ ይብሳልና። ክኒኑን እምትተኙበት ቤት እንዳታስገባው! አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው እሱ፣ አየር ላይ ያለው እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ ነቀዙንም የሚገድለው ጋዙ ነው። 3 ግራም የምትመዝነው አንዷ ፍሬ ብቻ 1 ግራም ጋዝ ታወጣለች። ጆንያ ደግሞ ለጋዝ ወንፊት ማለት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ እየወጣ ቤቱን ይሞላዋል እናንተም ተኝታችኋል። አንዳንድ ሰው የነጭ ሽንኩርት ወይ የበሰበሰ አሳ ሽታ ይሸተዋል፣ ግን ሲሸተኝ እነቃለሁ እንዳትል። ማርከሻ የለውም፣ ሐኪም ቤት ብትደርስ እንኳ ሐኪሙ ልብህንና ትንፋሽህን ከመደገፍ ሌላ ብዙ የሚያረገው ነገር የለም። ይልቅ ሽምብራውን ጸሐይ ላይ ደህና አርገህ አድርቀውና ፒክስ በሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ክተተው፣ እያንዳንዱን ድርብ አየር አስወጥተህ ለየብቻ ጥብቅ አርገህ እሰር፣ ነቀዙ አየር አጥቶ ያልቃል። አይጥ እንዳትበሳው ብቻ።

ወደ ርጭቱ ስመጣ፣ ደምቢያ ወባ አለና ምርመራው ጥሩ ነው፣ ግን በረጨህ ቁጥር እየመጣ ሳትረጭ የሚተውህ ወባ የለም። ሽንኩርት ላይ የምንረጫቸው እንደ ፕሮፌኖፎስ፣ ዳይሜቶኤት፣ ማላታይን ያሉት ኦርጋኖፎስፌት የሚባል አንድ ዘር ናቸው። ሥራቸውን በመስኖህ ልንገርህ። ነርቭህ ጡንቻውን ሲያዝ ትንሽ ቅመም ነገር ይለቃል፣ ቦይ እንደመክፈት በለው፣ ከዛ ኮሊንኢስትሬዝ የሚባል ኢንዛይም ወዲያው ጠርጎ ይዘጋዋል። መርዙ የሚይዘው ይሄን ዘጊውን ነው። ቦዩ ተከፍቶ ይቀራል፣ ምራቅ ይፈሳል ላብ ይፈሳል እንባ ይፈሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ የዓይን ብሌን እንደ ጤፍ ፍሬ ይጠባል፣ ሲብስ ጡንቻ ይንቀጠቀጥና መተንፈስ ያቅታል። ትሪፕሱም የሚሞተው በዚሁ ነው። አስቸጋሪው ነገር ዘጊው ተመልሶ እስኪተካ ሳምንታት ይፈጃል፣ አንተ ግን በየ5 ቀኑ ትደርብበታለህ፣ ስለዚ የመጀመሪያ ቀን ምንም ያላረገህ መጠን አራተኛው ላይ ይጥልሃል።

በየት ገባ ብትል ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ነው የሚያስበው፣ ለዛ ነው ነጠላ አፉ ላይ ጠምጥሞ በባዶ እግሩ የሚረጨው። ዋናው በር ግን ቆዳ ነው። የዚሁ ዘር በሆነው ፓራታይን ሰው ላይ ተለክቶ በክንድ ቆዳ ከሚገባው በብልት አካባቢ የሚገባው ወደ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። አሁን የጀርባ መርጫህን ክዳኑን እየው፣ ጎማው አልቆ ያንጠባጥባል አደል? ሸሚዝህን አርሶ በወገብህ ወርዶ ሱሪህ ውስጥ ነው የሚገባው፣ እንደዛው ሆነህ ግማሽ ቀን ትውላለህ። አንድ ብር የማትሞላ ጎማ ናት ማለት ባልችልም ከሕክምናው ግን ትረክሳለች። እኔም ሥራ ስጀምር የመርጫው አፍንጫ ሲደፈን ነቅዬ በአፌ እነፋው ነበር፣ ገበሬው ፊት ጎበዝ ለመምሰል፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። የጥርስ ብሩሽና ውሃ ይበቃዋል።

አረቄውን ተወው። መርዙን አይመክትም፣ ምልክቱን ነው የሚሸፍነው፣ ሲያዞርህ መጠጡ ነው ትላለህ፣ ስትንገዳገድ ሰው ሰከረ ብሎ ጥሎህ ይሄዳል። ወተትም ቆዳህ የጠጣውን አያወጣም፣ እናትህን ቅር አይበላቸው፣ ወተቱን ታጥበህ ራትህ ላይ ጠጣው። ጫቱ ግን ከሁለቱም ይከፋል፣ መድኃኒት በበጠበጠ እጅህ ቅጠሉን እየቀነጠብክ አፍህ ትከታለህ፣ ቅጠሉ ራሱ ማሳ ላይ ተረጭቶ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ምርቃናው ደግሞ ድካሙን ስለሚደብቅብህ ማቆም ባለብህ ሰዓት አንድ መርጫ ትጨምራለህ። ሲጋራም ያው ነው።

አሁን እንግዲህ ርጭቱን አቁም፣ ጤና ጣቢያ ሂድና ምን እንደረጨህ ንገራቸው፣ ማሸጊያውን ይዘህ። ራሴን አመመኝ ብቻ ብትል የወባ ክኒን ይሰጡሃል። ምልክቱ ጠፍቶ ሐኪሙ እሺ ሳይልህ ማሽኑን እንዳታነሳ፣ ሌላ ሰው ይርጭልህ። አንድ ቀን ደረት ቢጨንቅህ ወይ ሰውነትህ ቢንቀጠቀጥ ልብስህን አውልቀህ በሳሙና ታጠብና ሳትውል ሳታድር ወደ ጎንደር ሆስፒታል፣ አትሮፒን የሚባል መርፌ አለው። ሰው መድኃኒቱን ጠጥቶት ከሆነ ደግሞ አታስመልሱት። የረጨህበትን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር ባንድ ሳፋ እንዳያጥቡት ለቤት ንገር።

በየ5 ቀኑ መርጨትህስ ምን አመጣ? አንድ ዓይነት መድኃኒት ሲደጋገም ትሪፕሱ ይለምደዋል። ከማሳው እዚህም እዚያም 10 ሽንኩርት ነቅለህ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፍና ቁጠር፣ ባንድ ተክል ከ5 እስከ 10 ካልደረሰ አይረጭም። ከደረሰ የሚቀጥለው መድኃኒት ከሌላ ዘር ይሁን። ውሃም እንዳይጠማው፣ የተጠማ ሽንኩርት ላይ ትሪፕስ ይበረታል። ከረጨህ በኋላ ማሸጊያው ላይ ያለው ቀን ሳይሞላ ነቅለህ ገበያ እንዳታወጣ፣ ከማሳው ዳር ያጨድከውንም አረም ለበግ አትስጥ።

ማሸጊያ የለውም፣ ከገበያ በሃይላንድ ቀድተው ነው የሸጡልኝ ካልከኝ ግን ስሙን እኔም አላውቀውም አንተም አታውቀውም ሐኪሙም አያውቀውም። ልጆች ውሃ መስሏቸው እንዳይጠጡት ከፍ ያለ ቦታ ቆልፍበትና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አስረክብ።