ስለ እንግሊዝኛው «ሃቭ ቢን» ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ «‹ሃቭ ቢን› ማለት ‹ነበርኩ› ነው ወይስ ‹ነኝ›? ሰኞ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለብኝ» ብለሽ የጻፍሽውን አየሁ። ከሥሩ የተሰጡሽን መልሶችም አነበብኩ። «ነበርኩ ማለት ነው፣ አትጨነቂ» ያለሽን ሰው አትስሚው። እኔን በክፍያ ያስጠናኝ መምህርም ይህንኑ ብሎ ነው ገንዘቤን የበላው።

ቃለ መጠይቁ ለአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ይመስለኛል። እዚህ ሜሪላንድ ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከዚያ ስለሆነ እንደዚያው አድርጌ ልመልስልሽ።

1. «ሃቭ ቢን»ን ለብቻው አትተርጉሚው፤ ከኋላው የሚመጣውን ተመልከቺ። «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ» ከሆነ ሥራው ተጀምሯል፣ አሁንም አልቆመም። «ዘ ፎርም ሃዝ ቢን ሴንት» ከሆነ ቅጹ ተልኳል፤ ማን እንደላከው ግን አልተነገረም። «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ዱባይ» ሲባል ዱባይ ሄዳ ታውቃለች፣ ተመልሳለችም። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ዱባይ» ከተባለ ግን ሄዳለች፣ ገና እዚያው ናት። ስለዚህ አለቃሽ የት እንዳለች ተጠይቀሽ ሁለቱን ብታምታቺ ሰው በከንቱ ይፈልጋታል።

2. ዓመት ሲጠራ ተጠንቀቂ። እኛ «እዚህ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመቴ ነው» እንላለን፤ በአሁን ጊዜ ተናግረን እንጨርሳለን። እንግሊዝኛው ግን «ሃቭ»ን ካላስገባሽለት አይረዳሽም። «አይ ወርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» ካልሽ ለቀሻል ማለት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት በአንድ ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ ነው። የቀን ፈረቃ፣ ከቤቴ በእግር የሚደረስበት ቦታ ተከፍቶ ነበር። መምህሩ «ሃቭ ቢን» ያለቀ የቆየ ነገር ነው ብሎኝ ስለነበር ለምሠራበት ሥራ ልጠቀምበት አልፈለግሁም፤ «ወርክድ» አልኩ። ሴትየዋ ቀና ሳትል «ለምን ለቀቅህ?» አለችኝ። አልለቀቅሁም አልኳት። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ታንኳኳ ጀመር፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞራ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ፣ «ሥራ ይኑረው አይኑረው እንኳ አያውቅም» አለች። የሥራ ማስረጃዬ እኮ ፊቷ ተዘርግቷል! «እስካሁን ድረስ» የሚለው በትልቁ ተጽፎበታል። ለማንበብ አልፈለገችም እንጂ ነገሩ የግማሽ ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ማመልከቻዬን «ይጣራ» ከሚባሉት ጋር አስቀመጠችው፤ ቦታው ለሌላ ሰው ሄደ። እኔ እስከ ዛሬ በሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ተቀምጬ ነገሩን ራሴ ፈታሁት፤ ማንም አላስረዳኝም። የሚያሳስተን የገዛ ቋንቋችን ነው። ትምህርት ቤት «ሃቭ» ማለት «ሠርቻለሁ» ነው ተብለን አድገናል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። «በልቻለሁ»፣ «ጨርሻለሁ» ሁሉ በ«ሃቭ» ይሄዳሉ። በሁለት ቦታ ግን ይለያያሉ። አንደኛው፣ እኛ «ትናንት ልኬአለሁ» ብንል ማንም ቅር አይለውም። በእንግሊዝኛ «ትናንት» የሚለው ከተጠራ «ሃቭ» ይወጣል፤ «አይ ሴንት ኢት የስተርዴይ» ብቻ ነው። ሁለተኛው የእኔን ሥራ ያስቀረው ነው። «እዚያ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ» ስትዪ አበሻ የሚረዳው ጨርሰሽ እንደወጣሽ ነው። «አይ ሃቭ ወርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» ስትዪ ግን ፈረንጁ የሚረዳው ነገም ጠዋት እንደምትገቢ ነው። ከአማርኛው ተነስቶ ቃል በቃል የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ መውደቁ አይቀርም።

ሰኞ «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ቢን ኤ ኬርጊቨር?»፣ ማለትም «በእንክብካቤ ሥራ ስንት ጊዜሽ ነው?» መባልሽ አይቀርም። «አይ ሃቭ ቢን ኤ ኬርጊቨር ፎር» ብለሽ የዓመቱን ብዛት፣ ወይም «ሲንስ» ብለሽ የጀመርሽበትን ዓመት ተናገሪ። አገር ቤት የጀመርሽው ሥራ ከሆነ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር እንዳትረሺ፤ በእኛ 2013 ያልሽው በእነሱ 2020 ወይም 2021 ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለ አግባብ የጨመርሽ ሊመስላቸው ይችላል።

በጆሮ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። «አይ ሃቭ» ብሎ የሚናገር ሰው ብዙም አታገኚም፤ «አይቭ ቢን» ይሉና «ቭ»ዋ ትዋጣለች። «ሂዝ ቢን» ሲሉም «ዝ»ዋ «ኢዝ» ሳትሆን «ሃዝ» ናት። አሜሪካኖች «ቢን»ን ቁርጥ አድርገው ነው የሚጠሩት፤ በእንግሊዞች አፍ የሚረዝመውን አትጠብቂ። እንዲያውም «በላሽ ወይ?» ለማለት እንግሊዙ «ሃቭ ዩ ኢትን ዬት?» ሲል አሜሪካዊው ብዙ ጊዜ «ዲድ ዩ ኢት ዬት?» ይላል። ትምህርት ቤት የተማርነውን አጠፉብን ብለሽ አትናደጂ።

አብረውኝ የሚሠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ «ሺ ቢን ማሪድ» ይላሉ፣ «ቢን» ላይ ጫን ብለው። የእኛ ሰዎች «አግብታ ነበር፣ ተፋታች» ብለው ይረዱትና «ሰዋስው አያውቁም» ብለው ይስቃሉ። ትርጉሙ ካገባች ቆይታለች፣ አሁንም በትዳሯ ላይ ናት ነው። የራሱ ሕግ ያለው አነጋገር ነው፤ የሚስቁት ሰዎች ራሳቸው «አይ ሃቭ ቢን ሂር» በማለት ፈንታ «አይ አም ሂር ፋይቭ ይርስ» የሚሉ ናቸው። በቃለ መጠይቅ ላይ ግን አንቺ አትጠቀሚበት።

ዜግነት የምትጠይቂበት ጊዜ ሲደርስም ይኸው ነገር ይገጥምሻል። በኤን 400 ቅጽ ላይ «ሃቭ ዩ ኤቨር» የሚሉ ጥያቄዎች ተደርድረዋል፤ «ኤቨር» በትልልቅ ፊደል ነው የተጻፈው። «ታስረሽ ታውቂያለሽ?» እንደማለት ነው። እዚህ ከገባሽ ወዲህ ብቻ ሳይሆን አገር ቤት ያለፈውንም ዕድሜሽን ይጨምራል። እኔ በዜግነት ቃለ መጠይቁ ስጠየቅ የኢሚግሬሽን መኮንኑ «ጥያቄው ገብቶሃል?» አለኝ፤ «በሕይወቴ በማንኛውም ጊዜ ማለት ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ አስረዳሁት። ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ያቺ የኤጀንሲ ሴትዮ እዚያ ብትኖር ደስ ባለኝ!

አሁን ስለ ራስሽ ሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊና እዚሁ አስቀምጪልኝ፤ አንዱ አሁን ስለምትሠሪው፣ አንዱ ስለለቀቅሽው። ጠዋት ከፈረቃ ስወጣ አይቼ አርምልሻለሁ።