ለአሮጌ የአደን ደጋን ስንት ይከፈላል?

ወዳጄ፣ «ሻጩ የ1953 ቤር ሪከርቭ ነው እያለ ዋጋውን ሰቅሎብኛል፤ ላደንበት ነው የምፈልገው፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?» ብለሃል። አሮጌ ደጋን ስገዛና ስሸጥ ስለቆየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። (ለማያውቅ፦ ቤር የአሜሪካ ደጋን ሠሪ ኩባንያ ነው፤ ሪከርቭ የሚባለው ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ ደጋን ነው።)

መጀመሪያ ያቺን 1953 እርሳት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ክንዱ ላይ፣ ማለትም ከመያዣው በላይና በታች ካሉት ተጣጣፊ ክፍሎች በአንዱ ላይ፣ «ካናዳ 1953» የሚል ጽሑፍ አለ አይደል? እሱ የካናዳው የፈጠራ መብት ዓመት ነው፤ ደጋኑ የተሠራበት አይደለም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በተሠሩ ደጋኖች ላይም ያው ጽሑፍ አለ። ሻጩ እየዋሸህ ነው አልልም፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያነበው። ይልቅ መያዣው ላይ ያለችውን ክብ ምልክት እያት። ከእንጨቱ እኩል የተቀበረች የብረት ሳንቲም ከሆነች ደጋኑ ከ1959 እስከ 1972 ገደማ የተሠራ ነው። ከእንጨቱ ከፍ ብላ ከወጣች ደግሞ ከ1973 ወዲህ ነው።

ደግሞ ዓመቱ ዋጋ የሚጨምረው በዋናነት ለሰብሳቢ ነው። ኮዲያክ የሚባለው የቤር ሞዴል የ1959 ሥራ ከሆነ ፈላጊው ብዙ ነው፤ የመጀመሪያው ቀለምና ጽሑፍ ካልተነካ ሰብሳቢ ጥሩ ይከፍልበታል። አንተ ግን ልታድንበት ነው። ስለዚህ ገንዘብህን የምትከፍለው ለክንዶቹ ነው።

አውታሩ ሳይታሰር ክንዶቹን ብርሃን ላይ ቀስ ብለህ እያቸው። በፋይበርግላሱ ርዝመት የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች በአሮጌ ደጋን ላይ የተለመዱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጉም። አግድም የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ዋጋውንም አትጠይቅ፣ ግድግዳ ላይ ከመስቀል በቀር አይሆንም፣ ስትስበው ፊትህ ላይ ሊሰበር ይችላል። በጠርዞቹ ዙሪያ ጥጥ አሳልፍ፤ ጥጡ የሚይዝበት ቦታ ስንጥር ወይም ሙጫው የለቀቀበት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በደጋን ማሰሪያ ገመድ አስረህ (በእግርህ መሀል አጣምመህ አታስረው፣ ክንድ የሚያጣምመው ይሄው ነው) ከጫፍ ወደ ጫፍ ተመልከት። አውታሩ በሁለቱም ክንዶች መሀል ለመሀል ማለፍ አለበት። ትንሽ መጣመም አንዳንዴ ይቃናል፤ ግን ይቃናል ብለህ ሙሉ ዋጋ አትክፈል።

ለማነጣጠሪያ የተበሳ የብሎን ቀዳዳ ካለ ሰብሳቢ ይሸሻል፣ አንተ ግን በእሱ ዋጋ አስቀንስ። ተልጦ እንደገና የተቀባም እንደዚያው። አውታር ባይኖረው አትጨነቅ፣ ርካሽ ነው። ከደጋኑ ርዝመት 3 ኢንች የሚያንስ፣ ዳክሮን ከሚባለው ለጠጥ ከሚል ክር የተሠራ አውታር ግዛለት። ዘመናዊውን የማይለጠጥ ፋስት ፍላይት አውታር አታድርግበት፤ የአሮጌ ደጋን ጫፎች ለእሱ አልተሠሩም።

የመሳቢያ ክብደቱንም እይ፤ ደጋኑን ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል ማለቴ ነው። ደጋኑ ላይ የተጻፈው ፓውንድ 28 ኢንች ሲሳብ ያለው ነው፤ አንተ ከዚያ አጥረህ የምትስብ ከሆነ በየኢንቹ ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ይቀንሳል። ከ40 እስከ 55 ፓውንድ ያለው ቶሎ ይሸጣል። ከ60 በላይ ሲሆን ገዢው ስለሚያንስ ሻጩ ዋጋ ለመቀነስ የተሻለ ይዘጋጃል። በነገራችን ላይ አሮጌ ኮምፓውንድ (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ደጋን) ከሆነ የሚያቀርቡልህ ይህን ሁሉ ስሌት ተወው፣ ዕድሜው ዋጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም።

ስንት ልክፈል ላልከው፣ ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ፈልግ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጣሪያህ ደግሞ የአዲሱ ደጋን ዋጋ ይሁን። ቤር ግሪዝሊ የሚባለውን ሪከርቭ ዛሬም አዲስ ይሠራል። እኔ ክንዶቹ ጤነኛ ለሆኑ አሮጌ ደጋን የአዲሱን ግማሽ አካባቢ እከፍላለሁ፣ በጣም ንጹህ ከሆነ ትንሽ እጨምራለሁ። ሻጩ አስረህ እንድታየው ካልፈቀደ፣ ወይም በርቀት የምትገዛ ሆነህ የታሰረውን ደጋን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሳይ ፎቶ ካልላከልህ፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ርካሽ ቢሆን እለፈው።